የኒውክሌር ኃይል እገዳ እንዲነሳ ለሚቀሰቅሱ ወጣቶች፦ ከሕጉ አንቀጽ እስከ እንደራሴው ቢሮ

መፈክር ከመጻፍ በፊት ሕጉን አውጥቶ ማንበብ ይቀድማል። ስለ ኒውክሌር ኃይል ጥቅም የሚከራከር ወጣት ሞልቷል፤ እገዳው በየትኛው ሕግ፣ በየትኛው አንቀጽ፣ በምን ቃል እንደተጻፈ ጠቁሞ ማሳየት የሚችል ግን ጥቂት ነው። የምክር ቤት አባላትና የኮሚቴ ሠራተኞች ከልብ የሚያዳምጡት ደግሞ ይህን ጥቂቱን ነው። እዚህ ዋና ማሳያችን አውስትራሊያ ናት። እገዳው እዚያ በግልጽ ተጽፎ ይገኛል፤ እንዲነሳ የሚጠይቁ ወጣቶችም በይፋ ይንቀሳቀሳሉ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

እገዳው የት ላይ ነው የተጻፈው?

እገዳ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ዓይነቱም የቅስቀሳውን መንገድ ይወስናል። በኦስትሪያ በ1978 በተካሄደ ሕዝበ ውሳኔ 50.47 በመቶው ድምፅ ሰጪ ተቃወመና ተገንብቶ ያለቀው የጽቬንቴንዶርፍ ጣቢያ አንድ ቀን እንኳ ሳይሠራ ቀረ። በ1999 ደግሞ ክልከላው የሕገ መንግሥት ደረጃ ስለተሰጠው በተራ ሕግ አይሻርም። በስዊዘርላንድ በ2017 በ58.2 በመቶ የሕዝብ ድምፅ የጸደቀው የኃይል ሕግ ለአዲስ ጣቢያ ፈቃድ እንዳይሰጥ ይከለክላል። እዚያ በ18 ወር ውስጥ የ100,000 መራጮችን ፊርማ ያሰባሰበ ወገን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ ማቅረብ ስለሚችል ዋናው መሣሪያ ፊርማ ነው። የዴንማርኩ ከ1985ቱ የፓርላማ ውሳኔ የመጣ ነው፤ ኒውክሌር ከአገሪቱ የኃይል ዕቅድ ውጭ እንዲሆን የሚል። የቤልጅየሙ የ2003 ሕግ አዲስ ጣቢያ ከልክሎ የነበሩትንም በ40 ዓመት ዕድሜ ገድቦ ነበር፤ በሜይ 2025 ምክር ቤቱ በ102 ድጋፍ፣ በ8 ተቃውሞና በ31 ድምፀ ተአቅቦ ሻረው። በተራ ሕግ የታሰረ ነገር በምክር ቤት አብላጫ ይፈታል፤ አውስትራሊያም ከዚህ ወገን ናት።

የአውስትራሊያው እገዳ በሁለት የፌዴራል ሕጎች ላይ ይቆማል። አንደኛው የ1998ቱ የጨረር ጥበቃና የኒውክሌር ደኅንነት ሕግ ሲሆን፣ አንቀጽ 10 የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ለአራት ዓይነት ተቋማት ፈቃድ እንዳይሰጥ ያግዳል፦ ለኒውክሌር ነዳጅ ማምረቻ፣ ለኒውክሌር ኃይል ማመንጫ፣ ለዩራኒየም ማበልጸጊያና ያገለገለ ነዳጅን መልሶ ለሚያጣራ ተቋም። ሁለተኛው የ1999ኙ የአካባቢ ጥበቃና የብዝኃ ሕይወት ሕግ ነው፤ በአንቀጽ 140ኤ የአካባቢ ሚኒስትሩ እነዚህኑ አራቱን እንዳያጸድቅ ይከለክላል። የመጀመሪያው የሚመለከተው የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤቶችንና ተቋራጮቻቸውን ነው። የሁለተኛው ክንድ ረጅም ነው፤ የግል ኩባንያንም ይይዛል። ስለዚህ «አንቀጽ 10 ይሰረዝ» ብቻ ብሎ የጠየቀ ቡድን ግማሹን በር ዘግቶ ትቶታል። በ2022 ለሴኔት የቀረበው የማሻሻያ ረቂቅ ሁለቱንም ሕጎች በአንድ ላይ የነካው ለዚህ ነው። የአካባቢ ሕጉ ደጋግሞ የሚሻሻል በመሆኑ የአንቀጽ ቁጥር ከመጥቀሳችሁ በፊት በፌዴራሉ የሕግ መዝገብ ድረ ገጽ ላይ ያለውን የመጨረሻ የተጠናቀረ ቅጂ አውርዱና ቀኑን ጻፉበት። ከሰው ጽሑፍ የተቀዳ የቆየ የአንቀጽ ቁጥር በኮሚቴ ፊት ያሳፍራል።

ከፌዴራሉ በታች ክልሎችም የየራሳቸው ክልከላ አላቸው፦ ቪክቶሪያ ከ1983፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ ከ1986፣ ኩዊንስላንድ ከ2007 ጀምሮ። የፌዴራልና የክልል ሕግ ሲጋጩ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 109 የፌዴራሉ ይበልጣል፤ ነገር ግን የፌዴራሉ እገዳ ዝም ብሎ ቢነሳ የሚጋጭ ነገር ስለማይኖር የክልሉ ክልከላ እንዳለ ይቀራል። ይህን የሚስቱ ብዙዎች ናቸው። የኩዊንስላንዱ ሕግ ደግሞ ልዩ ድንጋጌ አለው፤ የፌዴራሉ መንግሥት በክልሉ ውስጥ የኒውክሌር ተቋም ለመፍቀድ ወይም ለመደገፍ ከተንቀሳቀሰ የክልሉ ሕዝብ ድምፅ እንዲሰጥበት ያዛል። ብሪስቤን ወይም ታውንስቪል ሆናችሁ የምትቀሰቅሱ ከሆነ ይህ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም።

ያልታገደውንም ለይታችሁ እወቁ። «አውስትራሊያ ውስጥ ኒውክሌር የተከለከለ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ስሕተት ነው። በሲድኒ ዳርቻ፣ ሉካስ ሃይትስ ላይ 20 ሜጋዋት የሙቀት ኃይል ያለው ኦፓል የተባለ የምርምር ማብላያ (ሪአክተር) ከ2007 ጀምሮ ይሠራል፤ ለካንሰርና ለልብ ምርመራ የሚውሉ ንጥረ ነገሮችን ያመርታል። አገሪቱ ዩራኒየም ቆፍራ ለውጭ ትሸጣለች። የታገደው ኤሌክትሪክ ማመንጨትና ከላይ የተጠቀሱት የነዳጅ ሥራዎች ናቸው።

ጥያቄያችሁ አንድ ይሁን

«እገዳው ይነሳ» እና «ጣቢያ ይገንባ» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ማስረጃቸውም ደጋፊያቸውም ይለያያል። በመጀመሪያው ላይ የሚስማማ ሰው ሁለተኛውን ሊቃወም ይችላል፤ «ዋጋው አያዋጣም ብዬ አምናለሁ፣ ግን በሕግ መከልከሉ ምን ያደርጋል?» የሚል እንደራሴ ድምፁ የእናንተ ነው። ሁለቱን የቀላቀለ ቡድን ይህን ሰው በገዛ እጁ ያባርረዋል።

ከቅርቡ ታሪክ መማር ይበጃል። በ2019 መጨረሻ አንድ የተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ እገዳው ለአዳዲሶቹ የማብላያ ትውልዶች ብቻ፣ ያውም የአካባቢው ኅብረተሰብ ከፈቀደ፣ በከፊል እንዲነሳ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ያ ጥያቄ በፓርቲዎች መካከል ሊያግባባ የሚችል መጠነኛ ጥያቄ ነበር። በጁን 2024 ግን የተቃዋሚው ጥምረት (ሊበራልና ናሽናልስ ፓርቲዎች) ራሱ መንግሥት የሚያስገነባቸውን የሰባት ጣቢያዎች ቦታ ይፋ አደረገ፤ በሜይ 3 ቀን 2025 በተካሄደው ምርጫም ተሸነፈ። ከዚያ ወዲህ እገዳው እንዲነሳ የሚጠይቅ ሁሉ የአንድ ፓርቲ ዕቅድ ጠበቃ ተደርጎ መታየቱ አልቀረም። ስለዚህ የሌበርም፣ የሊበራልም፣ የናሽናልስም፣ የግል ተመራጮችም ቢሮ በእኩል መሄድ፣ የፓርቲ ቀለም ያለው ቲሸርት አለመልበስ፣ በፓርቲ መድረክ ላይ እንደ ማድመቂያ አለመቆም የግድ ነው። ሴኔቱ 76 መቀመጫ ስላለው ሕግ ለማሳለፍ 39 ድምፅ ያስፈልጋል፤ ያለ ሌሎቹ ወገኖች የሚሆን ነገር የለም።

ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት፦ «ምክር ቤቱ በጨረር ጥበቃ ሕጉ አንቀጽ 10 እና በአካባቢ ሕጉ አንቀጽ 140ኤ ውስጥ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫን የሚከለክለውን ቃል እንዲያወጣና ማንኛውም ማመልከቻ እንደ ሌላው ፕሮጀክት በደኅንነት፣ በአካባቢና በኅብረተሰብ ፈቃድ እንዲመዘን እንጠይቃለን።» ማበልጸጊያና መልሶ ማጣሪያው እንዲነሳ አትጠይቁ፤ የጦር መሣሪያ ክርክር የሚገባው በዚያ በር ነው፣ ለኤሌክትሪክም የግድ አያስፈልጉም።

ቁጥሮች፣ በተለይ የሚጎረብጡት

ከሁሉ በፊት ሜጋዋትና ሜጋዋት ሰዓትን አትደባልቁ። ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ነው፤ ሜጋዋት ሰዓት የመነጨው ኃይል ነው። 1,000 ሜጋዋት ያለው የኒውክሌር ጣቢያ ከአቅሙ 90 በመቶ ቢሠራ፣ 1,000 በ8,760 ሰዓት በ0.9 ተባዝቶ በዓመት ወደ 7.9 ሚሊዮን ሜጋዋት ሰዓት ይሰጣል። ተመሳሳይ አቅም ያለው የፀሐይ እርሻ በ25 በመቶ ሲሰላ ወደ 2.2 ሚሊዮን ነው። ይህን ስሌት ያለ ስልክ በወረቀት መሥራት የማይችል አባል ስለ ቁጥር ባይናገር ይሻላል። በዚያው ልክ ሌላውን ገጽ አትደብቁ፤ የፀሐይ እርሻ በሁለት ዓመት አካባቢ ሊቆም ይችላል፣ በጣም ርካሽም ነው።

ስለ ልቀት የምትጠቅሱት የበይነ መንግሥታቱ የአየር ንብረት ቡድን በ2014 ያወጣው መካከለኛ ግምት ይሁን። ከግንባታ እስከ መፍረስ ተቆጥሮ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ኒውክሌር 12 ግራም፣ የየብስ ነፋስ 11፣ ትልቅ የፀሐይ እርሻ 48፣ ጋዝ 490፣ የድንጋይ ከሰል 820 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ ይለቃል። «ምንም ልቀት የለውም» አትበሉ፤ ሲሚንቶውም ማዕድን ቁፋሮውም ይለቃል። 12 ግራም ብቻውን በቂ ክርክር ነው።

ዋጋ ላይ ትሸነፋላችሁ፣ ካልተዘጋጃችሁ። የአገሪቱ የሳይንስ ተቋም ሲኤስአይአርኦ በየዓመቱ የሚያወጣው ጄንኮስት የተባለ የዋጋ ሪፖርት አለ፤ በ2024 እትሙ የአንድ 1,000 ሜጋዋት ትልቅ ጣቢያን ዋጋ ከ8 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ አድርጎታል፣ የመጀመሪያው ጣቢያ ከዚያ እጥፍ ሊደርስ እንደሚችልና ለማጠናቀቅ ቢያንስ 15 ዓመት እንደሚፈጅ ገልጿል። ሪፖርቱን ማጥላላት ከባድ ስሕተት ነው። አንብቡት፣ የትኛውን ግምት (የጣቢያ ዕድሜ፣ ከአቅም የመሥራት መጠን፣ የወለድ ምጣኔ) እንደምትጠይቁ በገጽ ቁጥር አመልክቱ። መልሳችሁም ይህ ነው፦ ዋጋው የማያዋጣ ከሆነ ባለሀብቱ ራሱ ይተወዋል፤ ለዚያ የወንጀል ያህል ክልከላ አያስፈልግም። «እንግዲያውስ ባለሀብት ካልመጣ መንግሥት ይክፈል ትላላችሁ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። የቡድኑ አቋም አስቀድሞ ተወስኖ መጻፍ አለበት፤ በዚህ ጥያቄ ላይ ሁለት አባላት ሁለት መልስ ከሰጡ ስብሰባው አብቅቷል።

የግንባታ ጊዜን በተመለከተ የሚያኮራውንም የሚያሳፍረውንም ይዛችሁ ሂዱ። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የባራካህ ጣቢያ በ2012 ተጀምሮ የመጀመሪያው ማብላያ በ2020 ከመስመር ተገናኘ፣ አራተኛው በ2024 ሥራ ጀመረ፤ በድምሩ 5,600 ሜጋዋት። የፊንላንዱ ኦልኪሉኦቶ 3 ግን በ2005 ተጀምሮ በ2009 ያልቃል ተብሎ በ2023 ነው መደበኛ ሥራ የጀመረው። በአሜሪካ ጆርጂያ የቮግትል 3 እና 4 ግንባታ ሰባት ዓመት ዘግይቶ ወጪው ከ30 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር አልፏል። ባራካህን ብቻ የጠቀሰ ቡድን በአንድ ጥያቄ ይረታል። የምዕራቦቹ መዘግየት ምክንያትም ይጠና፦ ንድፉ ሳይጠናቀቅ ግንባታ መጀመር፣ ለአሥርተ ዓመታት ሳይገነባ የቆየ የሰው ኃይልና የአቅራቢ ሰንሰለት። አውስትራሊያ በሁለተኛው በኩል ከእነሱም ትብሳለች፤ ይህን ራሳችሁ ቀድማችሁ ተናገሩት። ስለ ትናንሽ ሞዱላር ማብላያዎች (በፋብሪካ ተሠርተው በቦታው እንዲገጣጠሙ ስለታሰቡት) ሲጠየቅ «በዚህ ዓመት ይደርሳሉ» የሚል ቃል ከአፋችሁ አይውጣ።

ብዙ ሰው የማያነሳው፣ መሐንዲሶች ግን የሚያነሱት አንድ ነጥብ አለ። በምሥራቁ የአውስትራሊያ የኤሌክትሪክ መረብ ትልቁ ነጠላ ማመንጫ የኮጋን ክሪኩ የከሰል ጣቢያ ሲሆን ወደ 750 ሜጋዋት ነው። መረቡ ትልቁ ማመንጫ በድንገት ቢጠፋ የሚተካ መጠባበቂያ ሁልጊዜ መያዝ አለበት። 1,000 ወይም 1,400 ሜጋዋት ያለው ማብላያ ሲገባ ያ መጠባበቂያም ያድጋል፣ ወጪውም ይጨምራል።

ዝቃጩን አታቃልሉት። 1,000 ሜጋዋት ያለው ጣቢያ በዓመት ከ25 እስከ 30 ቶን ያገለገለ ነዳጅ ያወጣል። መጀመሪያ ለዓመታት በውኃ ገንዳ ይቀዘቅዛል፣ ቀጥሎ በብረትና በኮንክሪት ደረቅ ማከማቻ ይቀመጣል፣ በመጨረሻ ጥልቅ የመሬት ውስጥ መቀበሪያ ያስፈልገዋል፤ ፊንላንድ ኦንካሎ የተባለውን ለዚህ ቆፍራለች። በአደጋ ጥያቄም እንዲሁ፦ ቼርኖቤልንና ፉኩሺማን ራሳችሁ ስም ጠርታችሁ አንሱ። በፉኩሺማ ከጨረሩ ይልቅ መፈናቀሉ ብዙ ሰው እንደገደለ ስትናገሩ ድምፃችሁ ለሞቱት አክብሮት ይኑረው፤ ከ150,000 በላይ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጥቷል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቀው የቀደምት ሕዝቦች ጉዳይ ነው። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ መጀመሪያ ብሪታኒያ በደቡብ አውስትራሊያ ማራሊንጋ ላይ የኒውክሌር ቦምብ ሙከራ ስታደርግ የተጎዱት የአካባቢው ባለቤቶች ናቸው። በ2023 ደግሞ የባርንጋርላ ሕዝብ በዚያው በደቡብ አውስትራሊያ ኪምባ አጠገብ ሊሠራ የታሰበውን የዝቃጭ ማከማቻ በፍርድ ቤት ተሟግቶ አስቀረ። «ያ ሌላ ነው፣ ይህ ኤሌክትሪክ ነው» ብሎ ማለፍ ትክክል አይደለም፤ በእነሱ በኩል መሬቱ አንድ ነው። የኅብረተሰብ ፈቃድ የሚለው ቃል በጥያቄያችሁ ውስጥ የገባው ለጌጥ አይደለም፤ እምቢ ማለትን የሚጨምር መሆኑን በጽሑፍ አረጋግጡ።

ፊርማ፣ አስተያየት፣ ቢሮ

በንግድ ድረ ገጾች ላይ የሚሰበሰብ ፊርማ ሰው ለማወቅ ይጠቅማል እንጂ በምክር ቤት ዘንድ እንደ አቤቱታ አይቆጠርም። የተወካዮች ምክር ቤት የራሱ የኤሌክትሮኒክ አቤቱታ ሥርዓት አለው። ጽሑፉ ከ250 ቃል መብለጥ የለበትም፣ ለምክር ቤቱ የተጻፈና ምክር ቤቱ ሊያደርገው የሚችለውን ነገር የሚጠይቅ መሆን አለበት፤ ከጸደቀ በኋላ ለፊርማ ክፍት የሚሆነው ለአራት ሳምንት ብቻ ነው። ስለዚህ ደጋፊ መፈለግ የሚጀመረው አቤቱታው ከተከፈተ በኋላ ሳይሆን ከወር በፊት ነው። የኢሜይል ዝርዝሩን፣ የትምህርት ቤትና የዩኒቨርሲቲ ክበባቱን፣ ምስሎቹን አዘጋጅታችሁ ጨርሱ፤ ከዚያ አስገቡት። በወረቀት የምታሰባስቡ ከሆነ ጥያቄው በእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ መታተም አለበት፤ ባዶ የስም ሠንጠረዥ ላይ የተፈረመ ገጽ ሙሉ በሙሉ ይወድቃል። ፎቶ ኮፒ የሆነ ፊርማም አይቆጠርም።

የኮሚቴ ምርመራ ሲከፈት የጽሑፍ አስተያየት ማስገባት ከፊርማ ይበልጣል፤ የሚነበብና በሪፖርቱ ውስጥ የሚጠቀስ ስለሆነ። ሁለት ወይም ሦስት ገጽ ይበቃል። የኮሚቴውን የምርመራ ነጥቦች ቁጥር በቁጥር ተከትላችሁ መልሱ፤ ነጥቡ ስለ ወጪ ከሆነ ስለ ካርቦን አትጻፉ። መቶ ሰው አንድ ዓይነት ደብዳቤ ቢልክ እንደ አንድ ይታያል፤ ዐሥር ሰው በየራሱ ሙያና አካባቢ ቢጽፍ ግን ዐሥር ነው። የብየዳ ተማሪ ስለ ሥልጠና፣ ከከሰል ከተማ የመጣች ወጣት ስለ ሥራ፣ የፊዚክስ ተማሪ ስለ ጨረር ይጻፍ። አስተያየቱን ኮሚቴው ተቀብሎ ከማተሙ በፊት ራሳችሁ አትልቀቁት፤ የፓርላማው ሕጋዊ ከለላ የሚሠራው ኮሚቴው ከተቀበለው በኋላ ነው። ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ሰው ስሙ እንዳይወጣ መጠየቅ ይችላል፤ የቤት አድራሻም በጽሑፉ ውስጥ አይግባ።

እንደራሴን ለማግኘት ምክር ቤቱ በማይሰበሰብባቸው ሳምንታት የምርጫ ክልሉን ቢሮ ጠይቁ፤ በስብሰባ ሳምንት ካንቤራ ናቸው። ሦስት ሰው ሂዱ፣ ቢያንስ አንዱ የዚያ ምርጫ ክልል ነዋሪ ይሁን። የሚሰጣችሁ ጊዜ ምናልባት 20 ደቂቃ ነው፦ ሁለቱ ማንነታችሁን ለመናገር፣ አምስቱ ለጥያቄው፣ የቀረው ለእሳቸው። አንድ ገጽ ብቻ ትታችሁ ውጡ። ያልታወቀ ነገር ከተጠየቃችሁ «አጣርተን እስከ ዓርብ እንልካለን» በሉና እስከ ዓርብ ላኩ፤ ይህ ብቻውን ከብዙ ቡድኖች ይለያችኋል። ሠራተኞቻቸውን አክብሩ፤ የሚቀጥለውን ቀጠሮ የሚይዙት እነሱ ናቸው።

አደባባይ ላይ ጠረጴዛ ስታወጡ ከዩራኒየም ነዳጅ እንክብል ጋር እኩል የሆነ ከሸክላ የተሠራ ቅጂ አስቀምጡ፤ ቁመቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነች እንክብል ወደ አንድ ቶን የድንጋይ ከሰል የሚሰጠውን ኃይል ትሰጣለች። ሰው እጁ ላይ ሲያደርጋት ወሬው ራሱ ይጀምራል። የጨረር መለኪያ መሣሪያ ግን አታምጡ፤ የተፈጥሮው ጨረር ብቻ ሲያንጫጫው አላፊ አግዳሚው ይደነግጣል፣ ማስረዳቱም ጊዜ ይበላል።

ገንዘብ ከየት እንደመጣ በድረ ገጻችሁ ላይ በግልጽ ጻፉ፤ ከዩራኒየም ኩባንያ ወይም ከፓርቲ ሰው የሚመጣ ልገሳን መቀበል አለመቀበላችሁን ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት ወስኑ። ምርጫን የሚመለከት በራሪ ወረቀት ወይም የተከፈለበት ማስታወቂያ ያወጣው ሰው ስምና ከተማ ሊታተምበት ይገባል። በበጎ አድራጎት ድርጅትነት ከተመዘገባችሁ ለሕግ ለውጥ መቀስቀስ ትችላላችሁ፣ ፓርቲ መደገፍ ወይም መቃወም ግን ዓላማችሁ ሊሆን አይችልም።

አቤቱታው ከቀረበ በኋላ ሚኒስትሩ በ90 ቀን ውስጥ መልስ ይሰጣሉ ተብሎ ይጠበቃል። መልሱ «መንግሥት እገዳውን የማንሳት ዕቅድ የለውም» የሚል ሊሆን ይችላል። ደብዳቤውን አትጣሉት፤ ምክንያት የተሰጠበትን ዓረፍተ ነገር አስምሩበት። ዋጋ ከሆነ፣ ጊዜ ከሆነ፣ የክልሎች ሕግ ከሆነ ተለይቶ ይታያል፤ ቀጣዩ የኮሚቴ አስተያየታችሁም የሚጀምረው ያንኑ ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ጠቅሶ ነው።